ዓመቱን ሙሉ ለመስክ ማደሪያ የሚሆን ተጎታች ቤት እንዴት ይመዘናል? ከሐረጎ ቁልቁለት እስከ ሐምሌ ዝናብ

(የሕዝባዊ ገለጻ ግልባጭ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)



የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን በመኪና ኋላ ተጠልፎ የሚጎተት፣ በውስጡ አልጋ፣ ማብሰያ፣ የውሃ ጋንና ባትሪ ያለው ማደሪያ ነው። ብዙዎቻችን ካራቫን እንለዋለን፤ እኔ በዚህ ገለጻ «ተጎታች ቤት» እያልሁ እጠራዋለሁ። በሌላው ዓለም ይህ ዕቃ በአብዛኛው የዕረፍት ጊዜ መዝናኛ ነው። በእኛ ሀገር ግን ሊያስፈልጋቸው የሚችሉት ሌሎች ናቸው፦ የመንገድ ሥራ ቀያሾች፣ የጂኦሎጂና የውሃ ጥናት ቡድኖች፣ እንደ አፋርና ሶማሌ ባሉ ክልሎች የሚንቀሳቀሱ የጤናና የሥነ ምግብ ቡድኖች፣ ወደ ዳናክል እንግዳ ይዘው የሚወርዱ አስጎብኚዎች፣ እንዲሁም ለወራት መስክ ላይ የሚቆዩ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች። ለእነዚህ ሰዎች ተጎታች ቤት ቤታቸውም ቢሯቸውም ነው። ምርጫው ከተሳሳተ የሚጎዳው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በቁልቁለት ላይ ፍሬን ያጣ ተጎታች ከኋላው ያለውንም ከፊቱ ያለውንም ሰው ይዞ ይሄዳል።

ይህን ጉዳይ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሆኖ መመርመር ይገባል የምልበት ምክንያት አለኝ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ደጋና ወይና ደጋ፣ ዳገትና ቁልቁለት፣ ጭጋግና ፀሐይ ይገናኛሉ። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የቀጠለ መንገደኛ ደግሞ በዚያው ቀን ከ40 ዲግሪ በላይ ሊደርስ የሚችል ሙቀት ውስጥ ይገባል። ተጎታች ቤትን ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ቤተ ሙከራ ማግኘት ያስቸግራል።

የገለጻዬን ፍሬ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ተጎታች ቤት የሚመዘነው «ከባድ ሥራ የሚችል» ወይም «ለአራቱም ወቅት የሚሆን» በሚለው ስያሜው አይደለም። የሚመዘነው በከፋው መንገድና በከፋው ወር ላይ በእጁ በሚቀረው ትርፍ ነው፦ በሚቀረው የመጫን አቅም፣ በሚቀረው የፍሬን አቅም፣ በሚቀረው ኃይልና ውሃ፣ በመጨረሻም በአቅራቢያ ባለ የጥገና አቅም።

አንደኛ፦ የማን ዓመት?

«ዓመቱን ሙሉ» ሲባል የማን ዓመት ነው ብለን መጠየቅ አለብን። አብዛኞቹ ተጎታች ቤቶች የሚሠሩት በረዶ ለወራት በሚቆይባቸው ሀገሮች ነው። እዚያ «አራቱም ወቅት» የሚለው ቃል በዋናነት የውሃ ቱቦ እንዳይቀዘቅዝ ወለሉ ሥር መሸፈኑን፣ ማሞቂያው ኃይለኛ መሆኑንና ግድግዳው መወፈሩን ያመለክታል። እነዚህ ሁሉ ክብደት ይጨምራሉ።

የእኛ አራት ወቅቶች ሌላ ናቸው። ክረምቱ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ የማያቋርጥ ዝናብና እርጥበት ነው። በመጸው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ይበርዳል፤ በወረኢሉና በለጋምቦ ደጋዎች ውርጭ ይወርዳል። በጋው የአቧራና የጠንካራ ፀሐይ ጊዜ ነው። ጸደይ ከበልግ ዝናብ ጋር ተደራርቦ ይመጣል፤ በቆላው ግን ሙቀቱ የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። በዚህ ላይ ከፍታው አለ። እንግዲህ ለቧንቧ መቀዝቀዝ የተከፈለ ገንዘብና የተጨመረ ክብደት ለእኛ እምብዛም አይጠቅመንም፤ ለእርጥበት፣ ለአቧራ፣ ለከፍታና ለቁልቁለት የተደረገ ዝግጅት ግን ያድነናል። ሻጩ በጽሑፉ ላይ የሚዘረዝረው የመጀመሪያውን ነው፤ ገዢው መጠየቅ ያለበት ሁለተኛውን።

ሁለተኛ፦ ከስያሜው በፊት ሚዛኑ

ስሌቱን የሚከተል ሰው እንዲመቸው አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ስፋቱ 2.3 ሜትር የሆነ፣ አራት ሰው የሚያድርበት ተጎታች ቤት አለን እንበል። ባዶ ክብደቱ 2,600 ኪሎ ግራም፣ የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት 3,500 ኪሎ ግራም ነው። ስለዚህ 900 ኪሎ ግራም መጫን ይችላል። ብዙ ይመስላል። አሁን እንጫነው።

ለአራት ሰው በቀን በነፍስ ወከፍ 20 ሊትር ውሃ ብንመድብ፣ ለሦስት ቀን 240 ሊትር፣ ማለትም 240 ኪሎ ግራም ይሆናል። ባትሪ 50፣ የጋዝ ሲሊንደሮች 40፣ አነስተኛ ጄኔሬተር 60፣ ምግብና የማብሰያ ዕቃ 150፣ ልብስና መኝታ 120፣ ተቀያሪ ጎማና የመካኒክ መሣሪያ 90፣ የጥናት መሣሪያዎች 200 ኪሎ ግራም። ድምሩ 950 ኪሎ ግራም ነው። አንድም የቅንጦት ዕቃ ሳንጭን የተፈቀደውን በ50 ኪሎ ግራም አለፍን።

«ከባድ ሥራ የሚችል» የሚለው ስያሜ የሚያታልለን እዚህ ላይ ነው። ወፍራም ሻንሲ፣ ወፍራም ግድግዳና ትልቅ ማሞቂያ ባዶውን ክብደት ያሳድጋሉ፤ የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ካላደገ ግን የሚቀንሰው የእኛ ውሃና መሣሪያ ነው። ክብደት በራሱ ጥንካሬ አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ይመዝናል?» ሳይሆን «እኛ የምንፈልገውን ሁሉ ከጫንን በኋላ ስንት ኪሎ ይቀረዋል?» የሚለው መሆን አለበት። ቢያንስ ከጠቅላላው ክብደት አንድ አሥረኛው ያህል ትርፍ ሊኖር ይገባል እላለሁ።

ቀጥሎ ክብደቱ የት እንዳረፈ ይታያል። በሰሜን አሜሪካ ልምድ የዚህ ዓይነት ተጎታች ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉን በጋንቾው በኩል ጎታቹ መኪና ላይ እንዲያሳርፍ ይመከራል፤ የአውሮፓ ቀላል ካራቫኖች ከዚህ ባነሰ ይሠራሉ። ጋንቾው ላይ ያለው ጭነት ለዲዛይኑ ከሚገባው ሲያንስ ተጎታቹ በፍጥነት ጊዜ ጅራቱን ማወዛወዝ ይጀምራል፤ ውዝዋዜው በቁልቁለት ላይ ከተነሣ ለማቆም እጅግ ያስቸግራል።

በምሳሌያችን ውሃ ሳይሞላ ጋንቾው ላይ 380 ኪሎ ግራም አርፏል፣ ጠቅላላው ክብደትም 3,260 ነው እንበል። ይህ 11.7 በመቶ ነው፤ ደህና ነው። የውሃ ጋኑ ግን ከአክስሉ 1.5 ሜትር ወደ ኋላ ተቀምጦ፣ ከአክስሉ እስከ ጋንቾው ያለው ርቀት 4.5 ሜትር ቢሆን፣ 240 ሊትሩ ሲሞላ ከጋንቾው ላይ 80 ኪሎ ግራም ያነሣል። የሚቀረው 300 ኪሎ ግራም ከ3,500 ጋር ሲነጻጸር 8.6 በመቶ ብቻ ነው። አንዱ ተጎታች በባዶ ጋን የረጋ፣ በሙሉ ጋን የሚወዛወዝ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የጋኑ ቦታ ከአልጋው ምቾት በፊት ይታያል።

ሦስተኛ፦ ሐረጎን መውረድ

አሁን ወደ ዋናው ፈተና እንሂድ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወደ 650 ሜትር እንወርዳለን። ይህን ለ25 ኪሎ ሜትር ብናካፍለው አማካይ ተዳፋቱ 2.6 በመቶ ይሆናል። አማካይ ግን አታላይ ነው፤ መንገዱ ቦታ ቦታ ረጋ ብሎ፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ደግሞ ቁልቁለቱን አከማችቶ ይጠብቀናል።

ለስሌት ያህል 5 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ 8 በመቶ ተዳፋት ያለው ቁልቁለት እንውሰድ። ከፍታው በ400 ሜትር ይቀንሳል። 3,500 ኪሎ ግራሙ ተጎታች በዚህ ጊዜ የሚለቀው የአቀማመጥ ኃይል 13.7 ሜጋ ጁል ነው። የጎማ መንከባለል ተቃውሞ 2 ሜጋ ጁል ያህሉን ይወስዳል፤ የነፋስ ተቃውሞ በዝግታ ሲኬድ ጥቂት ነው። የቀረው ወደ 11.7 ሜጋ ጁል ወይ በፍሬን ወይም በጎታቹ ሞተር መያዝ አለበት። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብንወርድ ጉዞው 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ ይህም ወደ 19 ኪሎ ዋት ማለት ነው። የአንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ኃይል ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ቢሆን፣ አምስት ምጣዶች ለ10 ደቂቃ ያለማቋረጥ ፍሬኑ ውስጥ እየነደዱ ነው ብላችሁ አስቡት።

ሙቀቱ ሁሉ ወደ ፍሬን ድራሞቹ ቢገባና የድራሞቹ አጠቃላይ ክብደት 40 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ ነፋስ ካላቀዘቀዛቸው በስተቀር ሙቀታቸው ከ580 ዲግሪ በላይ ይጨምራል። በእርግጥ ነፋስ የተወሰነውን ይወስዳል። ነገር ግን ብዙ የፍሬን ሸራዎች 300 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ የመያዝ አቅማቸው መድከም ይጀምራል። አሽከርካሪው ፔዳሉን አጥብቆ ቢረግጥም መኪናው አይቆምም። ሽታው ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቷል።

መድኃኒቱ፣ ሾፌሮቻችን ሁሉ እንደሚያውቁት፣ በማርሽ መያዝ ነው። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። የተጎታች ፍሬን በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በግፊት የሚሠራ ነው፦ ጎታቹ ሲዘገይ ተጎታቹ ወደ ፊት ይገፋል፣ ግፊቱም ፍሬኑን ይስባል። በአውሮፓ የተለመደው ይህ ነው፤ እስከ 3.5 ቶን ድረስ ይፈቀዳል። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ አሽከርካሪው ከመቀመጫው ሆኖ ኃይሉን የሚመጥንበት ነው፤ በሰሜን አሜሪካና በአውስትራሊያ ይዘወተራል።

በረጅም ቁልቁለት ላይ የግፊት ፍሬን ጠባዩ ይለወጣል። ጎታቹ በማርሽ ተይዞ ሲወርድ ተጎታቹ ያለማቋረጥ ይገፋዋል፤ ስለዚህ የተጎታቹ ፍሬን መንገዱን ሁሉ በመጠኑ ተይዞ ይወርዳል። ሾፌሩ ፔዳሉን ባይነካም ድራሙ ይግላል። በሜዳማ ሀገር ይህ ችግር አይታይም፤ በሐረጎ ግን ይታያል። እንዲህ ላለ መንገድ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፍሬን በሁሉም ጎማዎች ላይ ያለው፣ ተጎታቹ ቢላቀቅ ራሱን የሚያቆምበት የተለየ ባትሪ የተገጠመለት ተጎታች ይመረጣል። ያም ሆኖ ከላይ ያየነው ስሌት ይገዛዋል። 3,500 ኪሎ የሆነውን ወደ 2,500 ብናወርደው ሙቀቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ክብደትን መቀነስ ከማንኛውም ፍሬን ይበልጣል።

በጠመዝማዛው ላይ ሌላም ነገር አለ። ተጎታች የጎታቹን ዱካ ተከትሎ አይዞርም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። በ15 ሜትር ሬዲየስ መታጠፊያ ላይ የምሳሌያችን ተጎታች ብቻውን ወደ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከጎታቹ የራሱ መቁረጥ ጋር ሲደመር ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። በዚያ መንገድ ላይ አውቶቡስና የጭነት ተሳቢ እንደሚተላለፉ ለምታውቁ ሰዎች የአንድ ሜትር ዋጋ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አራተኛ፦ ተመልሶ መውጣት

ቁልቁለት ሕይወት ይፈትናል፣ ዳገት ደግሞ ሞተርን። ጎታቹ 2,500፣ ተጎታቹ 3,500፣ በድምሩ 6,000 ኪሎ ግራም ይዘን 8 በመቶውን ዳገት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ጎማው ላይ ወደ 60 ኪሎ ዋት ያስፈልጋል። ቱርቦ የሌለው፣ በባሕር ጠለል 95 ኪሎ ዋት የሚሰጥ የናፍጣ ሞተር አለን እንበል። በ2,200 ሜትር ከፍታ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠለሉ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል፤ ሞተሩም ወደ 76 ኪሎ ዋት። በማርሽና በአክስል የሚባክነውን 15 በመቶ ስንቀንስ ጎማው ላይ ወደ 65 ኪሎ ዋት ይቀራል። ይወጣል፤ ግን ትርፍ የለውም። ራዲያተሩ ትንሽ ከቆሸሸ ወይም ተዳፋቱ ከጨመረ መሐል ዳገት ላይ ይቆማል። ቱርቦ ያለው ሞተር ከፍታን በተሻለ ይቋቋማል። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ተጎታች ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት ከ1,500 ሜትር በላይ መውረድ አለበትና።

አምስተኛ፦ ሌሊቱ

መንገዱን አልፈን አሁን ልንተኛ ነው። በኅዳር በደጋው ሌሊት የውጭው ሙቀት 5 ዲግሪ፣ የውስጡ 18 ዲግሪ እንዲሆን ተፈለገ እንበል። 60 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ገላ፣ 3 ሳንቲ ሜትር ፎም ባለው ግድግዳ፣ ነጠላ መስኮትና ለአራት ሰው የሚበቃ ንጹሕ አየር እየገባ፣ የሚባክነው ሙቀት ወደ 1.65 ኪሎ ዋት ነው። ከአራቱ ሰዎች ገላ የሚወጣውን 300 ዋት ያህል ስንቀንስ 1.35 ኪሎ ዋት ይቀራል፤ ለ10 ሰዓት ሌሊት 13.5 ኪሎ ዋት ሰዓት። ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። በባትሪ መሞቅ አይታሰብም። በጋዝ ከሆነ በሌሊት ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ይነዳል። ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ ክብደታቸው ትንሽ፣ ጥቅማቸው ብዙ ነው፤ ውስጡን 12 ዲግሪ ላይ አድርጎ በደንብ ለብሶ መተኛት የማሞቂያውን ሥራ ከግማሽ በታች ያወርደዋል።

ከብርዱ ይልቅ የሚያጠፋን እርጥበት ነው። የተኛ ሰው በትንፋሹና በላቡ በሰዓት 45 ግራም ያህል ውሃ ያወጣል። አራት ሰው በ8 ሰዓት ወደ 1.4 ሊትር። ጋዝ ያለ ጭስ ማውጫ ውስጥ ከነደደ ደግሞ ከእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ጋዝ ከ1.5 ኪሎ ግራም በላይ የውሃ ተን ይወጣል። ይህ ውሃ ሄዶ የሚያርፈው በቀዝቃዛው መስኮት፣ በብረት ማዕዘኑና ከፍራሹ ሥር ነው። በሐምሌ ውጭው ራሱ እርጥብ ስለሆነ በቀን ለማድረቅም አይቻልም። ግድግዳው ከተነባበረ እንጨት ከሆነ ውሃው ቀስ በቀስ ያበሰብሰዋል፤ ከውጭ የሚታይ ነገር ሳይኖር ከሁለትና ከሦስት ክረምት በኋላ ውስጡ ይላላል። ስለዚህ እንጨት የሌለበት ግድግዳ፣ በተቻለ መጠን መጋጠሚያ የሌለው ጣሪያ፣ ድርብ መስኮትና የማይዘጋ የአየር መግቢያ ከማሞቂያው በፊት ይጠየቃሉ።

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ የምናገረው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ በተጎታች ቤት ውስጥ ከሰል አይነድም። ለብርድም፣ ለቡናም ቢሆን። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ቡናው ከውጭ ይፈላል። የጋዝ ማሞቂያም አየሩን ከውጭ ስቦ ጭሱን ወደ ውጭ የሚመልስ መሆን አለበት፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም በመኝታው አጠገብ ይሰቀላል።

ሙቀቱ ደግሞ በሌላው ጫፍ አለ። ወደ 14 ካሬ ሜትር በሚጠጋው ጣሪያ ላይ በቀትር የሚወርደው የፀሐይ ኃይል 13 ኪሎ ዋት ሊደርስ ይችላል። ንጹሕ ነጭ ቀለም አብዛኛውን ይመልሳል፤ አቧራ የለበሰ ወይም ጥቁር ጣሪያ አብዛኛውን ይውጣል። ከጣሪያው ጥቂት ከፍ ብሎ የሚዘረጋ ሸራ ያለ ነዳጅ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነው። ድርብ መስኮቶቹ በዝቅተኛ ቦታ የታሸጉ ከሆኑ በደሴ ከፍታ በውስጣቸው የታመቀው አየር እንደሚነፋቸውም አንርሳ፤ በ2,500 ሜትር የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ አንድ አራተኛ ያህል ያንሳልና። በዚሁ ምክንያት ውሃ በደሴ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለማብሰያ የሚመደበው ጋዝ ይህን ያገናዘበ ይሁን።

ስድስተኛ፦ ኃይልና ጥገና

ኃይልን በአጭሩ። ማቀዝቀዣ፣ መብራት፣ ኮምፒውተርና የውሃ ፓምፕ በቀን 1.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈልጉ፣ 400 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ በበጋ ሙሉ 6 ሰዓት ብርሃን ካገኘ፣ ብክነቱ ተቀንሶ 1.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ይተርፋል። በሐምሌ ደመና ብርሃኑ ወደ 3.5 ሰዓት ቢወርድ የሚገኘው 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ በየቀኑ 0.4 ይጎድላል። ባትሪው ጉድለቱን ለአራት ቀን ያህል ይሸከማል፤ ከዚያ በኋላ ጄኔሬተር ነው። ሥርዓቱ በበጋ ስለሠራ ብቻ «ዓመቱን ሙሉ ይሠራል» አይባልም፤ የሚሰላው በሐምሌ ነው።

ጥገናን በተመለከተ ቋንቋችን ራሱ ይናገራል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ከመኪናውና ከመንገዱ ጋር አብረው ገብተው ዛሬ በየጋራዡ የእኛው ሆነዋል። ስም ያለው ነገር ጠጋኝ አለው። ባሌስትራ በኮምቦልቻም በደሴም የሚያድስ አለ፤ ልዩ የአየር ወይም የጎማ ማንጠልጠያ ግን ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ያስቆማል። ጎማው ከጎታቹ ጎማ ጋር አንድ ዓይነት ቢሆን አንድ ተቀያሪ ለሁለቱም ይበቃል። ኩሽኔታው በገበያችን የሚገኝ ቁጥር ይሁን። በበጋ ጠጠር መንገድ ላይ መጀመሪያ የሚላላው ብሎንና ሽቦ ስለሆነ፣ የወለሉ ሥር ያለ ችግር ገብቶ የሚታይ መሆን አለበት።

ሰባተኛ፦ የት ይቆማል?

ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን የቆመበት መሬት ይወስነዋል። በክረምት መረሬ ጥቁር አፈር ላይ የቆመ 3,500 ኪሎ ግራም ጠዋት አይወጣም። በደሴ ዙሪያ ባሉ ተዳፋቶች የመሬት መንሸራተት የታወቀ አደጋ ነው፤ ወደ ባቲና ወደ አፋር በሚወርዱት ደረቅ የወንዝ አሸዋዎች ላይ ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከደጋው የመጣ ጎርፍ በሌሊት ይደርሳል። የአካባቢውን ሽማግሌ «ውሃው እስከ የት ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም መሣሪያ ይቀድማል። ከተማ የሚለው ቃላችን ከ«ከተመ» የወጣ ነው፤ ሰፈረ፣ ተቀመጠ ማለት ነው። ተንቀሳቃሽ ሠራዊትና ቤተ መንግሥት የነበራቸው አባቶቻችን ውሃ፣ ግጦሽና ከፍ ያለ መሬት ሳያዩ አይከትሙም ነበር።

የመቀበያ ፈተና

ሁሉንም ወደ አንድ ተግባር ልሰብስበው። አንድ ተቋም ተጎታች ቤት ከመረከቡ በፊት አምስት ፈተና ያድርግ። አንደኛ፣ ሙሉ ውሃና ሙሉ ዕቃ ተጭኖ በመኪና ሚዛን ላይ አክስሉም ጋንቾውም ለየብቻ ይመዘን። ሁለተኛ፣ በዚያው ጭነት ቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ ይውረድ፤ አመቺ ቦታ ላይ ቆሞ የእያንዳንዱ ድራም ሙቀት ሳይነካ በሚለካ ቴርሞሜትር ይመዝገብ። የቀኝና የግራው ልዩነት ከበዛ ፍሬኑ አልተስተካከለም፤ ሁሉም ከጋሉ ተጎታቹ ለመንገዱ ከባድ ነው። ሦስተኛ፣ በክረምት ሳምንት ሙሉ ከቤት ውጭ ይቁም፤ ማዕዘኖቹና ከመስኮት ሥር ያለው ግድግዳ በእርጥበት መለኪያ ይታዩ። አራተኛ፣ አራት ሰው አንድ ሌሊት ይደርበት፤ ጠዋት መስኮቱና የፍራሹ ሥር ይፈተሽ። አምስተኛ፣ አንድ ጎማና አንድ ኩሽኔታ በመንገድ ዳር፣ በተጎታቹ ውስጥ ባለው መሣሪያ ብቻ ይፈታና ይገጠም። ከእነዚህ አንዱን የወደቀ ተጎታች በሌላው ውጤት አይካካስም።

የምሳሌያችን ተጎታች የመጀመሪያውን ፈተና ገና ሚዛን ላይ ሳለ ወድቋል። ምክሬ ግልጽ ነው፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ለሚመላለስ የአራት ሰው ቡድን፣ ተጭኖ ከ2,500 ኪሎ ግራም የማያልፍ፣ እንጨት የሌለበት፣ በኤሌክትሪክ ፍሬን የሚያዝ ቀለል ያለ ተጎታች ሁለት ድንኳን ተጨምሮለት፣ ከትልቁና ከ«ከባዱ» ይሻላል።

ከተነሡት ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከዚህ ሁሉ ስሌት ኮንቴነር ቤት ገዝቶ አንድ ቦታ ማስቀመጥ አይሻልም?

መልስ፦ ሥራው አንድ ቦታ ከሦስትና ከአራት ወር በላይ የሚቆይ ከሆነ አዎ፣ ይሻላል። ኮንቴነር ቤት በጭነት መኪና አንድ ጊዜ ይመጣል፤ በየሳምንቱ ሐረጎን አይወርድም። ተጎታች ቤት ትርጉም የሚኖረው ቡድኑ በየጥቂት ቀኑ ቦታ የሚቀይር ሲሆን ነው። የምትቀይሩትን ቦታ ብዛት ሳትቆጥሩ አትግዙ።

ጥያቄ፦ እዚሁ ኮምቦልቻ ባሉ ብረታ ብረት ቤቶች ቢሠራስ?

መልስ፦ ገላው፣ አልጋው፣ የውሃ ጋኑና የጣሪያ ሸራው እዚሁ ቢሠሩ ደስ ይለኛል፤ ጠጋኙም ሠሪው ራሱ ይሆናል። አክስሉ፣ ፍሬኑና ጋንቾው ግን የመጫን አቅማቸው ተፈትኖ የተጻፈባቸው መሆን አለባቸው። የሻንሲው ብየዳ፣ በተለይ ጋንቾው ከሻንሲው የሚገናኝበት ቦታ፣ በቀለም ዘልቆ ምርመራ ስንጥቅ እንደሌለው ይረጋገጥ። ለተማሪዎቻችን የመመረቂያ ሥራ የሚሆን ርእስም ይኸው፦ 1,700 ኪሎ ግራም ባዶ ክብደት ያለው፣ 800 የሚጭን፣ ሐረጎን ወርዶ ድራሙ ከ200 ዲግሪ የማያልፍ ተጎታች ንደፉ። ሚዛኑም ቁልቁለቱም ቅርባችሁ ናቸው።